«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ»

ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የልጅ ንግግር ሲጣጣል ነው። ልጅ አንድ ነገር ይናገራል፣ ትልቅ ሰው «ተዉት፣ የልጅ ነገር!» ብሎ ያልፋል። አባባሉ ግን ተዉት አይልም። ከሁለቱ አንዱ ብስል ነው ካለ፣ ብስሉን ከጥሬው የመለየቱ ሥራ የሰሚው ነው ማለት ነው።

ነገሩ የገበሬ ዓይን ያየው ነው። አዳማ መንገድ ዳር የሚሸጠውን የሽምብራ እሸት እየፈለፈለ የበላ ሰው ያውቀዋል። ከአንዱ ዘለላ አንዱ ፍሬ ሞልቶ ጠንክሯል፣ ጎኑ ያለው ገና ውሃ ነው፤ ሽፋናቸው ግን እኩል አረንጓዴ ነው።

እዚሁ አዳማ የ16 ዓመት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌ የተላከባቸው አንድ አባት አባባሉን በቦታው ሲያውሉት ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ከቆሙ በኋላ ተለምነው ተቀመጡ። ልጅቷ ረከቦቱን አቅርባ ቡና ስትቀዳ ዓይናቸው ከእሷ ላይ አልተነሳም።

«ሙያዋንም አየን፣ ቁመቷም ደርሷል። ደግሞስ ራሷ ወዳ የለ!» አሉ ትልቁ።

«አባቶቼ፣ ደጄን አክብራችሁ መጥታችኋልና እግዜር ያክብርልኝ» አሉ አባት። «መውደዷን አልጠራጠርም፣ ለእናቷም አልደበቀችም። ግን የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ ነው። ልጁን መውደዷ ብስሉ ነው። አሁኑኑ ልዳር ማለቷ ጥሬው ነው፤ ባለፈው ወር እኮ ነርስ እሆናለሁ ስትለኝ ነበር። ትማር። ዕድሜዋ ሲሞላ ያኔም ከፈለገችው እሷኑ ጠይቋት።»

ልጅቷን አልተቆጧትም፣ መውደዷንም ነውር አላሉትም። አባባሉ በትክክል የተፈታው ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ቡና ማፍላት፣ እንጀራ መጋገር፣ ታናናሾችን ማዘል ለትዳር የመድረስ ምስክር አይሆንም። ጓዳዋን የምታሳምር ልጅ ባሏን «እምቢ» ማለት ላትችል ትችላለች። ሰውነቷም ቢሆን ያደገ መስሎ ለምጥ ላይደርስ ይችላል፤ አገራችን ያለ ዕድሜያቸው ወልደው ለፌስቱላ (በተራዘመ ምጥ ለሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር ለሚያሳጣ ጉዳት) የተዳረጉ ልጆች ያሉባት ነች።

ሕጉም ከአባትየው ጋር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንዱም ለሴቷም 18 አደረገው፣ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ያለ ዕድሜዋ ልጅ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ይህንኑ አባባል ለደረሰች ሴት ማዋል ግን በደል ነው። ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ አስባበት «ይህን ሰው ላገባ ነው» ላለች የ24 ዓመት ሴት «የልጅ ነገር» ብሎ የሚመልስ አባት ሞልቷል። 18 ከሞላት ሕጉ የሚጠይቀው የእሷንና የእጮኛዋን ፈቃድ እንጂ የአባቷን አይደለም። አባት ሰውየውን ያጣራ፣ ያየውን ሳይደብቅ ይንገራት፣ ከመረቀም ከልቡ ይመርቃት።