የተፈጥሮ ሕግ ምንድን ነው?

አማቴ ከድሬዳዋ መጥተው ሱሉልታ እኛ ዘንድ በሰነበቱ ጊዜ ስንዴና ባቄላ ቀላቅለው ለንፍሮ ጣዱ። ውሃው ተንተከተከ፣ ሁለቴ ገነፈለ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ባቄላው ግን ገና ጥርስ ይሰብራል። ክዳኑን ከፍተው አንዷን ፍሬ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጓትና «የእናንተ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ተማሪ ቤት «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብለን በቃላችን ይዘናል። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ግን 91 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ድሬዳዋ 96፣ ጅቡቲ ወደብ 100። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ የተጫነውን አየር ግፊት ሲተካከል ነው፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይደርስበታል። ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ፈቀቅ አይልም፤ ባቄላው የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሕጉ የቱ ነው? «በ100 ይፈላል» የሚለው እንዳልሆነ አየን። «ግፊቱ ሲተካከል ይፈላል» ብንል ደግሞ ጨው ሲገባበት መፍያው በትንሹ ከፍ ይላል፤ በጣም ልሙጥ ዕቃ ውስጥ ያለ ንጹሕ ውሃ መፍያውን አልፎም ዝም ሊል ይችላል። ሁልጊዜ «ሌላው ነገር እንዳለ ሆኖ» የምትል ሐረግ ትከተላለች። ፈላስፋዋ ናንሲ ካርትራይት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የፊዚክስ ሕጎች እንደተጻፉ ቢወሰዱ ይዋሻሉ እስከ ማለት የደረሰችው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

«ሕግ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ሕገ ልቦና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ስንል ኖረን፣ ሕግ ካለ ሕግ ሰጪ አለ ብለን እናስባለን። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርትም እ.ኤ.አ. በ1644 የእንቅስቃሴን ሕጎች የመሠረተው በእግዚአብሔር አለመለወጥ ላይ ነበር። ሰጪውን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው ግን ውሃውን «ፍላ» ብሎ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ሜታፊዚክስ፣ ማለትም ነገሮች በመሠረቱ ምን እንደሆኑ የሚጠይቀው የፍልስፍና ዘርፍ፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም እ.ኤ.አ. ከ1739 ጀምሮ ያሳተመው ሐሳብ ቀዝቃዛ ነው፦ አንዱ ሌላውን ሲከተል እናያለን፣ «ግድ» የሚባለውን ግን አይቶት የሚያውቅ የለም። ይህን ይዘን ሕግ ማለት ሳያቋርጥ የሚደጋገም ነገር ነው ብንልስ? እኛ ግቢ ያለው ዛፍ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ አንድም ልዩነት የለው። ነገ ጽድ ብተክል ግን ጽዱ ባሕር ዛፍ አይሆንም። ድስቱን ድሬዳዋ ብወስደው ደግሞ፣ ባልወስደውም እንኳ፣ በ96 እንደሚፈላ እርግጠኛ ነኝ። ሁለቱም መደጋገም ናቸው፤ አንዱ አጋጣሚ ነው፣ ሌላው ሕግ ይመስላል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሉዊስ የሰጠውን መልስ በእኛ አገር ቋንቋ አጤሬራ እለዋለሁ። የሆነውና የሚሆነው ሁሉ አንድ ግዙፍ ደብተር ነው እንበል። ጎበዝ ተማሪ አጤሬራ ሲሠራ ብጣሿ ወረቀት እጅጌ ውስጥ እንድትገባ ማጠር አለባት፤ ብዙ ጥያቄ እንድትመልስ ደግሞ መያዝ ያለባትን መያዝ አለባት። ሁለቱን ከሁሉ በላይ ባስታረቀችው አጤሬራ ላይ የሰፈሩት ናቸው ሕጎቹ። የእኛ ግቢ ባሕር ዛፍ እዚያ ላይ ቦታ ማባከን ነው። ሐሳቡ ደስ ይለኛል፤ ግን አጤሬራ ከደብተሩ ይገለበጣል እንጂ ደብተሩን አይጽፍም። ባቄላው ለምን አልበሰለም ስባል «በማጠቃለያው ላይ እንዲህ ስለተባለ» ብል አማቴ ይስቁብኛል።

አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ዴቪድ አርምስትሮንግ ሕግ በባሕርያት መካከል ያለ እውነተኛ የማስገደድ ትስስር ነው ብሎ ተከራከረ። ሉዊስ ቀለደበት፦ ትስስሩን «ማስገደድ» ብሎ መሰየም አስገዳጅ አያደርገውም፤ አርምስትሮንግ፣ ማለትም ክንደ ብርቱ፣ ተብሎ መጠራትም ጡንቻ አያወጣም። ቀልዱ ፈላስፎች ዘንድ እስካሁን አለ።

ሦስተኛው ወገን፣ ፈላስፎቹ እነብራያን ኤሊስና አሌክሳንደር በርድ፣ ሕግ ከውጭ የሚያዝ ሳይሆን ከነገሮቹ ከራሳቸው አቅም የሚመነጭ ነው ይላል። አማቴም የዚህ ወገን ናቸው መሰለኝ፤ «ውሃው አቅም አነሰው»ም ብለው ነበር። እኔ ግን የፈላው ውሃ እዚያም እዚህም ያው ውሃ ነው፣ የተለየው ከላይ ያለው አየር ነው ብዬ ላስረዳቸው ስጀምር፣ ከደጅ ሦስት ኪሎ የሚያህል ድንጋይ አምጥተው ክዳኑ ላይ ጫኑበት። ክዳኑ በደንብ ቢገጥም ኖሮ እንኳ የዚያ ድንጋይ ክብደት መፍያውን በአንድ ዲግሪ ከፍ አያደርገውም። አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። ንፍሮውም ለእራት ደረሰ።