በቼዝ የዓለም ሻምፒዮና የመክፈቻ ስልትና አቻ ውጤት

የቼዝ የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ሰዎች ብቻ ለሳምንታት ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ግጥሚያ ነው። አቻ ይበዛበታል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ቼዝ የሚወዱ ልጆች ውጤቱን ስልካቸው ላይ አይተው «ተነጋግረው ነው እንዴ?» ቢሉ አይገርምም። መልሱ ያለው መክፈቻው ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነጭ ቀድሞ ስለሚጀምር ትንሽ ብልጫ አለው። ስለዚህ በጥቁር አቻ መውጣት እንደ ትርፍ ይቆጠራል። በነጭ አቻ መውጣት ግን ዕድልን ማባከን ነው።

በ1886 ሽታይኒትዝና ዙከርቶርት ሲገናኙ አቻ ከነጭራሹ አይቆጠርም ነበር። ቀድሞ 10 ጨዋታ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል። ሽታይኒትዝ 10 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ 5 አቻ ወጥቶ ጨረሰ። በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ አሌኪን ካፓብላንካን 6 ለ 3 ሲረታ 25 ጨዋታዎች አቻ አለቁ። ከ34ቱ ጨዋታዎች 32ቱ የተከፈቱት በአንድ መንገድ ነበር፤ ኩዊንስ ጋምቢት በሚባለው መክፈቻ ነጭ የሚሰጠውን ወታደር ባለመቀበል። በ1972 ፊሸር የለመደውን መክፈቻ 6ኛው ጨዋታ ላይ ትቶ ስፓስኪን አሸነፈ።

ካርፖቭና ካስፓሮቭ በ1984 ሞስኮ ላይ ሲጀምሩ ደንቡ ቀድሞ 6 ያሸነፈ ይወስዳል የሚል ነበር። ካርፖቭ ከ9 ጨዋታ በኋላ 4 ለ 0 መራ። ከዚያ 17 አቻ በተከታታይ። ወጣቱ ካስፓሮቭ መሸነፍን እምቢ አለ። በየካቲት 1985 የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ፕሬዚዳንት ካምፖማነስ ግጥሚያውን 5 ለ 3 ላይ አቋረጡት። 48 ጨዋታ፣ 40 አቻ። ምክንያቱ ድካም ነው ተባለ። ካርፖቭን ለማዳን ነው የሚሉም አሉ። ከዚያ በኋላ የጨዋታው ብዛት ተወሰነ።

የመክፈቻ ጉልበት ጎልቶ የታየው ግን በ2000 ለንደን ላይ ነው። ግጥሚያው ከፊዴ ውጭ የተካሄደ ነው። ክራምኒክ ካስፓሮቭን ሲገጥም በጥቁር በርሊን የሚባለውን መከላከያ ይዞ መጣ። 8ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቶቹ ተቀያይረው ይወጣሉ። የጥቁር ንጉሥ ካስል ማድረግ፣ ማለትም ከሩኩ (ከግንቡ) ጋር በአንድ እርምጃ ተዛውሮ መጠለል፣ አይችልም። ወታደሮቹም በአንድ መስመር ይደራረባሉ። ሲያዩት ጥቁር የተበላ ይመስላል። ነገር ግን በሰያፍ የሚሄዱት ሁለቱም ቢሾፖቹ አሉለት፤ ንግሥት ስለሌለች ንጉሡ መሃል ሜዳ ቢቆምም ብዙ አያሰጋውም። አጥቂው ካስፓሮቭ አራት ጊዜ ወደዚህ ቦታ ገባ፤ አራቱም አቻ። 13ኛው ጨዋታ 14 እርምጃ እንኳ አላለፈም። ክራምኒክ በነጭ ሁለት አሸነፈና፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ስለሆነ፣ 8.5 ለ 6.5 ጨረሰ። ካስፓሮቭ አንድም አላሸነፈም። አቻን እንደ ስንፍና ለሚያይ ሰው ይህን ግጥሚያ አንድ በአንድ ማየት ይበቃዋል።

ዝግጅቱን ጎጃሜ ይረዳዋል። ዋሸራ ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም ተማሪ አይቆጠርለትም፤ አዲስ መዝረፍ፣ ማለትም ከራሱ አፍልቆ ማቅረብ፣ አለበት። የሻምፒዮኖቹ ረዳቶችም ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው የሚያድሩት ተጋጣሚ ያላየውን እርምጃ ፍለጋ ነው። ችግሩ ያኛውም ወገን ያንኑ ኮምፒውተር ይዟል። ሁለቱም ሲዘጋጁ ውጤቱ አቻ ነው። የእኛ የቀድሞው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነበር፤ ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ላይ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ማን ያንን በቃሉ ይሸመድዳል?

በ2018 ካርልሰንና ካሩዋና 12ቱንም ጨዋታ አቻ ወጡ። ካርልሰን በ12ኛው የተሻለ ቦታ ይዞ ሳለ አቻ ጠየቀ፤ ብዙ ተተቸበት። በፈጣን ጨዋታ ግን 3 ለ 0 አሸነፈ። በ2021 ዱባይ ላይ ከ5 አቻ በኋላ 6ኛው ጨዋታ 136 እርምጃ ፈጅቶ ካርልሰን ኔፖምኒያሺን ረታ። በ2024 ሲንጋፖር ላይ ደግሞ ዲንግና ጉኬሽ 6.5 ለ 6.5 ሆነው ወደ 14ኛው ገቡ። እሱም ወደ አቻ እየሄደ ነበር። 55ኛው እርምጃ ላይ ዲንግ ሩኩን ያለ ቦታው አስቀመጠ፤ የ18 ዓመቱ ጉኬሽም ሻምፒዮን ሆነ።