የውሰት ሳጥን ምንድን ነው?

የእድር ዕቃ የተዋሰ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይገባል፤ ብርጭቆ የሰበረ ብርጭቆ ይተካል። በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ድንኳን እያንዳንዱ ቤት ገንዘቡን አያፈስም። የውሰት ሳጥንም ይኸው ልማድ ወደ ልጃገረዶች ክበብ ሲገባ ነው፦ ለአንድ ተግባር የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከነአሠራሩ በአንድ ሳጥን ተሰናድቶ ከክበብ ወደ ክበብ ይዞራል።

ብዙዎች የሚስቱት “ከነአሠራሩ” የምትለዋን ነው። ኳስ፣ ገመድና ማርከር የታጨቀበት ሳጥን ትንሽ መጋዘን እንጂ የውሰት ሳጥን አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ክበብ የምትመራው ሴት ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ሳምንቱን ስታስተምር ወይም ጤና ጣቢያ ስትሠራ የከረመች፣ አለዚያም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ለዝግጅት ያላት ዓርብ ማታ ነው፣ ያውም ቢበዛ አንድ ሰዓት። ሳጥኑን ከፍታ፣ አሠራሩ የተጻፈበትን ካርድ አንብባ፣ ሥራውን አንዴ በእጇ ሞክራ በማግስቱ ሃያ ልጆች ፊት መቆም ከቻለች ሳጥኑ ሠርቷል። ለማብራሪያ ስልክ መደወል ካስፈለጋት ካርዱ ጎደሎ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረውና በ1928 የዓለም ማኅበር ያቋቋመው የገርል ጋይድስ እንቅስቃሴ ከመነሻው በበጎ ፈቃደኛ መሪዎችና በትንንሽ ቡድኖች የቆመ ነው። ልጆቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይቦደናሉ፤ ቡድኑ ከመካከሉ መሪ ይመርጣል፤ ትልቋ ሰው ትምህርቱን ሁሉ ብቻዋን አትሸከምም። የእኛ ትምህርት ቤቶች ይህን አወቃቀር ያውቁታል፣ ምንም እንኳ “አንድ ለአምስት” የሚለው ስም ለአንዳንዱ ሌላ ትዝታ ቢያመጣበትም። ሳጥን ሲሰናዳ ግን ስሌቱ ከዚህ ይነሳል። ለሃያ ልጆች ሃያ መቀስ አይገዛም፤ አራት ቡድን ካለ ለእያንዳንዱ አንድ፣ አንድ ደግሞ መጠባበቂያ፣ በድምሩ አምስት።

አንዱን ሳጥን ከፍተን እንየው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውን፣ ታጥቦ የሚደገም ሞዴስ መስፊያውን።

ዕቃው በሁለት ይከፈላል፣ ንብረት ክፍል እንደሚለው ቋሚና አላቂ። ቋሚው፦ አምስት መቀስ፣ ሃያ አምስት መርፌ፣ አምስት የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አምስት ፓተርን (ጨርቁ በልኩ የሚቆረጥበት ቅርጽ)፣ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ናሙና፣ ሌላ ደግሞ ግማሽ ላይ የቆመ ናሙና። ግማሽ ላይ የቆመው ካለቀው ይበልጣል፤ ልጆቹ የውስጡን አሠራር የሚያዩት በሱ ነው። አላቂው ጨርቅ፣ ክር፣ ጥብጣብ፣ ጠመኔና ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ ነው። ሁለቱ በተለያየ ከረጢት ይገባሉ። ተቀላቅለው ከተቀመጡ መቀሱም እንደ ጠመኔ “አለቀ” ይባላል።

ጨርቁን እናስላው። ማቀፊያው፣ ማለትም በክንፎቹ ከውስጥ ሱሪ ጋር የሚያያዘው የውጪው ክፍል፣ 26 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ 20 ይሰፋል፤ ዙሪያውን አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲጨመር 28 በ22 ይሆናል። ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ በአንድ ረድፍ ስድስት ይወጣል፣ አራት ረድፍ 24። ስለዚህ ለሥር የሚሆነው ውኃ የማያስገባ የዣንጥላ ጨርቅ 1.25 ሜትር ይበቃል። ከላይ የሚሆነው ጥጥ 1.40 ይገዛ፤ ሲታጠብ ይሰበሰባልና። ወደ ውስጥ የሚገባው ታጣፊ 26 በ26 የሆነ ለስላሳ ጥጥ ነው፤ ጠርዙ ሲቀመቀም 24 በ24 ይሆናል፣ በሦስት ሲታጠፍ ደግሞ 8 በ24። ለእያንዳንዷ ልጅ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አርባ፣ 2.30 ሜትር። ጥብጣብ 4.5 ሜትር፣ ቁልፍ 24 ጥንድ። የተገኘው ጨርቅ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ በረድፍ አራት ማቀፊያ ስለሚወጣ አምስት ረድፍ ያስፈልጋል፤ ባለሱቁ ፊት ከመቆም በፊት ሒሳቡ ይከለስ።

ሥራው የሚበላሸው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጥጡን ሳያጥቡ መቁረጥ ነው፤ በመጀመሪያው እጥበት ላዩ ይሰበሰብና ሥሩ እንዳለ ስለሚቀር ማቀፊያው እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠቀለላል። ሁለተኛው ጥብጣቡን መርሳት ነው። ታጣፊውን የሚይዙት ሁለት ጥብጣቦች ከየጫፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው በላይኛው ጥጥ ላይ የሚያያዙት ሁለቱ ጨርቆች ከመገጣጠማቸው በፊት ነው፤ በኋላ ልስፋ ያለች የዣንጥላውን ጨርቅ ትበሳዋለች፣ በዚያው ቀዳዳ ያፈሳል። በዚሁ ምክንያት ስፒል ከጠርዙ በቀር መሐሉ ላይ አይወጋም። ሦስተኛው፣ ሁለቱ ጨርቆች መልካቸው ወደ ውስጥ ሆኖ ዙሪያውን ሲሰፉ ስድስት ሳንቲ ሜትር ክፍት መተው አለበት፤ በዚያ በኩል ነው የሚገለበጠው። ሳይተዉ የዘጉት ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ከመገልበጡ በፊት ክንፉ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክሩን ሳይነኩ በመቀስ ትንንሽ ቅድ ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጨርቁ እዚያ ላይ ይጨማደዳል።

ስፌቱ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ አይሁን። መርፌው በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ መሄድ አለበት፣ ካልሆነ አንድ ክር ሲበጠስ ሁሉም ይለቃል።

ፓተርኑን ከካርቶን መሥራት ርካሽ ይመስላል፤ ከጥቂት ክበብ በኋላ ግን ጠርዙ ተበልቶ የሁሉም ልክ ይለያያል። ያረጀ የራጅ ፊልም ይሻላል፦ አይታጠፍም፣ ይታጠባል፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅም ይታያል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። የመጀመሪያው ቀን ለመቁረጥና ጥብጣብ ለማያያዝ ነው፤ ሁለተኛው ለመገጣጠም፣ ለቁልፍና ለታጣፊው። በመካከሉ ያለው ሳምንት ላይ ጅምሩ ቤት አይሄድም። የእያንዳንዷ ልጅ ሥራ ስሟ በተጻፈበት ፌስታል ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ያድራል። ቤት የሄደ ጅምር ግማሹ አይመለስም፤ የተመለሰውም የእናት ስፌት ሆኖ ይመጣል። ስለ እጥበቱ ካርዱ ባጭሩ ይናገር፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ (ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስይዘዋል)፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ እስኪደርቅ። ከአልጋ ሥር ተደብቆ የተሰጣ ጨርቅ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ማፈሩ እንዴት ይለቃል የሚለው ጨዋታ ከዚህ ይነሳልና ለሱ ጊዜ ይተውለት።

መርፌዎቹ በቁጥር በተሰመረ ቁራጭ ጨርቅ ላይ፣ ከ1 እስከ 25 ተሰክተው ይወጣሉ። ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት ይቆጠራሉ። ከተነሱ በኋላ 24 ብቻ ከተገኘ የጎደለው መርፌ ያለው ምንጣፉ ውስጥ ወይም የአንዷ ቀሚስ ላይ ነው። የተሰበረ መርፌ ሁለቱም ስባሪ ካልተገኘ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ሌሎቹ ሳጥኖች ቀለል ያሉ ናቸው። ለሐዋሳ የሚስማማው የሐይቁ ሳጥን ነው። ወደ ሐይቁ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፤ ሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ አብሮ የገባው ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ይህን ለልጆች በቃል ከመንገር ይልቅ የውኃውን ጥራት፣ ማለትም ምን ያህል ዘልቆ እንደሚታይ፣ እንዲለኩ ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሴኪ ዲስክ ነው፦ ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሰሌዳ፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ፣ መሐሉ ተበስቶ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ የተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ክብደት ያለው። ጣልያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 ከሞከረው ወዲህ ዘዴው ብዙም አልተለወጠም፤ የሱ ዲስክ ግን ሙሉ ነጭ ነበር። ዲስኩ ከዓይን የሚጠፋበትና ሲሳብ ዳግም የሚታይበት ጥልቀት ይጻፋል፤ መካከላቸው ያለው አማካይ ውጤቱ ነው። ዳር ላይ ግን ዲስኩ ሳይጠፋ መሬት ይነካል፤ ያ ልኬት አይባልም። ሐይቁ ጉማሬ ስላለበት ሥራው የሚሠራው ሰው ከሚመላለስበት ከተገነባ ዳርቻ ላይ፣ ሁለት አዋቂዎች ባሉበት፣ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ነው።

አዋሹ ማን ይሁን? ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥንና መቁጠር የማይሰለቸው ሰው ያለበት ቦታ ሁሉ ይሆናል፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ የወጣት ማዕከል፣ የእድር ቤት። ዕቃው የመንግሥት ትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ ከተመዘገበ ግን እያንዳንዱ ውሰት ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ሊጠየቅበት ስለሚችል ከመጀመሪያው የክበቦቹ የጋራ ንብረት ተብሎ ቢያዝ ይቀላል። መያዣ ገንዘብ መጠየቅ መጥፎ ልማድ ነው፤ ሳጥኑ በጣም የሚያስፈልጋቸውን ክበቦች ያስቀራል። የቀበሌ መታወቂያም አይያዝ፣ ባለቤቷ ሳምንቱን ትፈልገዋለች። የእድሩ ደንብ ይበቃል፦ መቀስ የጠፋበት መቀስ ይመልሳል፣ ገንዘብ አይደለም። ዋጋ እየተለወጠ ባለፈው ዓመት የተከፈለ ብር ዘንድሮ ግማሽ መቀስ ነው። ውሰቱ አሥራ አምስት ቀን ይሁን፣ ሁለት ቅዳሜ እንዲይዝ። የወሰደችው ራሷ ትመልስ፤ ቆጠራው እሷ ቆማ እያለች ይደረግ።

ስለ ሳጥኑ አካል፦ ባጃጅ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጎን የሚቀመጥና ብቻዋን የምታነሳው ይሁን፣ ከ12 ኪሎ አይበልጥ። ፕላስቲክ ይሻላል፤ ችግሩ ልጆች ይቀመጡበታል፣ ክዳኑም ይሰነጠቃል። በክዳኑ ላይ “አይቀመጡበትም” ብሎ መጻፍ ከሚመስለው በላይ ይረዳል፣ በአማርኛም በሲዳምኛም።

ከክዳኑ ሥር ሁለት ነገር ይለጠፋል። አንዱ የዕቃው ዝርዝር ከነብዛቱ ነው። ሁለተኛው የመሪዎች ገጽ ነው፣ ሦስት ዓምድ ያለው፦ ቀን፣ ስንት ልጅ፣ ምን አስቸገረ። “4 ቁጥር መቀስ አይቆርጥም”፣ “ጥብጣብ አነሰ”፣ “ሁለተኛው ቀን አልበቃም” ዓይነት አጭር ነገር ይጻፍበታል። አንድ ቅሬታ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ሳጥኑ ከዙር ወጥቶ ካርዱ እንደገና ይጻፋል።