ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንና የእናቱ ወተት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንዲት አራስ ልጠይቅ ገብቼ ነበር። ልጇ በ32ኛው ሳምንት ተወልዶ ሆስፒታል በመተኛቱ፣ እርሷ ጡቷን እያለበች ትልክለታለች። ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ሲኒ ውስጥ ያጠራቀመችው ቢጫ ፈሳሽ የሲኒውን ወለል እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። አማቷ አይተው፣ «ይህ እኮ እንገር ነው፤ ሆዱን ያመዋል፣ ድፊው» አሏት። «እማማ፣ እባክዎ አይደፋ» ብዬ የነገርኳቸውን እዚህም ልጽፈው ወደድኩ።

«እንገር ቆሻሻ ነው።» ቢጫነቱ ካሮትን ከሚያቀላው ቤታ ካሮቲን የመጣ እንጂ የቆሻሻ ምልክት አይደለም። እንገር ከኋለኛው ወተት ይልቅ ስቡና ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ) ዝቅ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የሕፃኑን አንጀት ከጀርም የሚጠብቁት ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ እና ላክቶፌሪን በብዛት ይገኙበታል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚታለበው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ እንኳ አያስደነግጥም፤ ገና መጥባት ለማይችል ጨቅላም በቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል።

«ልጁ ስላልደረሰ ወተቷም አልደረሰም።» ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል ነው፤ ምክንያቱም እናትየው በራሷ ገላ ተስፋ እንድትቆርጥ ያደርጋል። እውነታው ተቃራኒው ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የወለደች እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጊዜዋ ከወለደችው እናት ወተት ይልቅ በፕሮቲንና በሶዲየም የበለጸገ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ ወደ ተለመደው የኋለኛ ወተት ይጠጋል፤ ይኸውም በ100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከ3 እስከ 4 ግራም ስብ፣ 7 ግራም ገደማ ላክቶስና ከ65 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ ያለው ወተት ነው።

«ወተቷ ጥሩ ከሆነ ሐኪሞቹ ለምን ሌላ ነገር ይጨምሩበታል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ጽንስ ከእናቱ አብዛኛውን ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ብረት የሚያከማቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ፣ ቀድሞ የተወለደው ሕፃን ስንቁን ሳይዝ ወጥቷል ማለት ነው። 1 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ከዚህ የኋለኛ ወተት ቢያገኝ የሚደርሰው ፕሮቲን 1.5 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የሚያስፈልገው ግን ከ3.5 ግራም በላይ ነው። ስለዚህ በጣም ትንሽ ሆነው ለተወለዱት በሐኪም ትእዛዝ የተመጠነ ማበልጸጊያ በእናት ወተት ላይ ይጨመራል፤ የብረትና የቫይታሚን ዲ ጠብታም ይታዘዛል። ይህ የእናትን ወተት ማናናቅ አይደለም፤ ጨቅላውን ከአደገኛው የአንጀት ቁስለት በመጠበቅ ረገድ የዱቄት ወተት አይተካውምና። ቤት ውስጥ በራስ ፈቃድ የላም ወተት መቀላቀል ግን ጉዳት ያመጣል።

«የቀጠነ ወተት ውሃ ነው።» ከወተቱ 87 በመቶ ያህሉ በእርግጥ ውሃ ነው፤ ሕፃኑ ተጨማሪ ውሃ የማያሻውም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ቀጠን ይላል፤ ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ግን ስቡ ይጨምራል። ስለሆነም የምታልብ እናት እስከ መጨረሻው ታልብ፤ ከላይ የሰፈፈውም ቅባት ከመሰጠቱ በፊት በቀስታ ተወዝውዞ ይቀላቀል።

«ሽሮ ብቻ የምትበላ እናት ወተቷ አይረባም።» የፕሮቲኑና የላክቶሱ መጠን በእናትየው ምግብ ብዙም አይለዋወጥም። የስቡ ዓይነት፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ኤ እና ቢ12 ግን በምትመገበው ይወሰናሉ። ለአራሷ ከገንፎውና ከአጥሚቱ ጎን እንቁላል፣ ጎመንና ካሮት ይቅረብላት፤ ወጧም አዮዲን ባለው ጨው ይሠራላት።