ኅዳርን ያስረዱን፦ የደሴ የታሪክ መምህራንና ጸሐፊዎች

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴ አምስት ሳምንት ያህል ከቆየችበት ከሕወሓት ኃይሎች እጅ ወጣች። በመሀሉ 86 ዓመት አለ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጎ ያሳየኝ ድሮ ያስተማረኝ የታሪክ መምህር ነው። ከስደት በተመለስን ሰሞን ፒያሳ መንገድ ላይ ተገናኝተን ቆመን እናወራለን። "በፈረንጅ ብትቆጥረው እኮ ሁለቱም ዲሴምበር 6 ነው" አለኝ። እኔ ገና "ወይ ጉድ!" ከማለቴ፣ "ተአምር ፍለጋ እንዳትሄድ። ግጥምጥሞሽ ነው። ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልግ" ብሎ ቀጨው።

ይህ ዳሰሳ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። ክፉ ቀን ያላየ የኢትዮጵያ ከተማ የለም፤ ደሴም አይታለች። ደሴ ግን ክፉው ቀን ሲያልፍ ቁጭ ብለው "ይኸውላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር" የሚሉ ሰዎች አላጣችም። የኔታዎች ነበሩ፣ ሸሆች ነበሩ፣ ነጭ ጋዎን የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ቲቸሮች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ደሞዛቸውን ባናነሳው ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ጦሳ ተራራን ተደግፋ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዷንና ጉሟን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይገኛል፤ ሙቀቱም ፋብሪካውም እዚያ ነው። ለታሪክ መምህር ግን ዋናው ነገር መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና በሁለቱም ያልፋል፣ ወደ አፋርና ወደ አሰብ የሚወርደው ደግሞ ከኮምቦልቻ ይገነጠላል። ከሰሜን ወደ መሀል አገር የሚመጣም፣ ከመሀል ወደ ሰሜን የሚዘምትም ጦር ይህን ቁልፍ መያዝ ይፈልጋል። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ያደረጉት ለዚህ ነው። በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞች ጣሊያንን ኮምቦልቻ ላይ ተዋግተው ደሴን ያስለቀቁትም በዚሁ መንገድ ነው። 2014ም ከዚህ የተለየ አይደለም። መምህሬ "ሌላ ቦታ ፈልግ" ያለው ምክንያት አንዱ ይኸው ነው፤ ካርታው ላይ ተቀምጧል።

የከተማዋ አመሠራረት አጭር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ አጋማሽ እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደሰቱና ቦታውን "ደሴ"፣ ማለትም ደስታዬ አሉት ይባላል። በዚያ ዘመን በቀን ሳይቀር የታየ ትልቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበር በሌላ ዓለምም ተመዝግቧል። ደስታው ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ጥሩ መምህር የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። በጉባኤው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየው ስለ ክርስቶስ ልደት የሚደረግ ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ተዘጋ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚሉት ወገኖች ተረቱ። ቀጥሎ የወሎ ሙስሊሞች በተቆረጠላቸው ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አፄ ዮሐንስ ክርስትና አባት ሆኗቸው። አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፣ የእሳቸው ክርስትና አባት ምኒልክ ነበሩ። እምቢ ያለው ተሰደደ፣ ወይም እንደ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ተነስቶ ተዋጋ። ሌላው በአደባባይ ተጠምቆ እቤቱ ሲገባ ሰገደ፤ "የቀን ክርስቲያን የማታ እስላም" የሚባለው አነጋገር ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን የደሴ ክፍል ውስጥ ማስተማር ምን እንደሚመስል አስቡት። የእኛ ክፍል ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም አያቶች ይዞ የመጣ። ቲቸር ገባና ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለው። በግራ "ንጉሡ ምን ፈሩ?" በቀኝ "ሕዝቡ ምን አጣ?" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዝም። እኛም ዝም። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ ስለ ግብፅ አነሳ፤ አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር፣ አገር በአንድ ሃይማኖት ካልታሰረ ይፈርሳል ብለው ሰግተዋል። ቲቸር በግራ በኩል ጻፈው። በቀኝ በኩል መስጊድ፣ መሬት፣ ስደት፣ ስም እየተባለ ሰሌዳው ሞላ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ የኛ ቤት በሁለቱም በኩል ነው" አለች። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። "ጻፉት" አለን። "ፍርሃቱን ማወቅ በደሉን ይቅር ማለት አይደለም። በደሉን ማወቅም ፍርሃቱን መካድ አይደለም።" የዚያን ቀን ኖት አላስገለበጠንም፤ ከዚያ ዓመት ትምህርት ደህና አድርጌ የማስታውሰው እሱን ነው።

ቲቸር ይህን ከባዶ አላመጣውም። ስለ ወሎ እስልምና ዛሬ በማስረጃ መናገር ከተቻለ በብዛት የፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ውለታ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ያስተማሩት ሁሴን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና ላይ የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከእሳቸው በፊት ወሎ በታሪክ መጽሐፍ የሚነሳው ጦር ሲያልፍበትና ረሃብ ሲገባበት ነበር ብል አላጋነንኩም። እሳቸው ግን የሸሆቹን የእጅ ጽሑፍ አነበቡ፣ የቆዩ አዋቂዎችን ጠየቁ። ለታሪክ ምንጭ የሚሆነው የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ብቻ እንዳልሆነ አሳዩን። በወሎ ዐጀም የሚባል አለ፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። መንዙማው በዚህ ተጽፎ፣ በድቤ ታጅቦ፣ ከሸህ ወደ ደረሳ ሲተላለፍ ኖሯል። ውስጡ ዱዓና የነቢዩ ውዳሴ ብቻ አይደለም፤ የዘመን ምሬትም አለበት። ቤተ መጻሕፍት ሳይኖር ዘመን የሚያስረዳ ሰው ነበር ማለት ነው።

በሌላው በኩል መምህር አካለ ወልድ አሉ። የቦሩ ሥላሴው ታላቅ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ዛሬ ደሴ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከተማ ለጦር ጀግና ስም ሲሰጥ ብዙ አይተናል፤ ለመምህር መስጠቷን እወድላታለሁ። አንድምታ ላይ የሚዘወተረው "አንድም" የሚለው ቃል ራሱ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም ይመስለኛል። አንድ ነገር እንዲህ ነው ይባላል፤ አንድም እንዲህ ነው። የቲቸር ሰሌዳ ለሁለት የተከፈለው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሚካኤል የተባሉት ኢማም ኋላ ራስ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሆኑ፤ መቀመጫቸው ደሴ ነበረች። ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል። ድሃውም ሀብታሙም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚገባበት ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት ይባላል። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ "ሰለሙ" ተብለው መከሰሳቸውን ሁሉም ሰምቷል። ክሱን ያቀረቡት እነማን ነበሩ፣ ምን ይጠቅማቸው ነበር ብለው የጠየቁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው።

የክፍል ጉዞ ከተነሳ ይስማ ንጉሥ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከደሴ ወደ ሰሜን፣ ወደ አምባሰል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17ን ቆመን ስንማር ታሪኩ የሰዋስው ትምህርት ይመስል ነበር። በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። በጣሊያንኛው ግዴታ ሆነ። በአንድ ግስ የተነሳ አድዋ! እርግጥ ቲቸር ይህንንም አላለፈውም፦ "ግሱ ሰበብ ነው፤ ምክንያቱ ጣሊያን ቅኝ ግዛት መፈለጉ ነው" አለን። ሰበብና ምክንያትን ስንለይ ያን ቀን ውለናል፤ የያዝነውን ቆሎም ጨርሰናል።

ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ለብቻው የሚያስወራ ነው። ስሙ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት የሆኑት ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ስም ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደሴ ላይ ስሙ ሲነሳ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ነቢይ ያደርገዋል፣ አንዱ የችግር ሁሉ አባት። እኔ የማመሰግነው ጽሑፉን ከነዘመኑ የሚያስነብቡትን መምህራን ነው። ስንት ገጽ እንደሆነ ሳያውቅ የሚሳደብም የሚያወድስም ስንት አለ!

ከዚያ 1965 መጣ። የወሎ ገበሬ በረሃብ እየረገፈ፣ በደሴ መንገድ ላይ እየወደቀ፣ መንግሥት ዝም አለ። ዝምታውን ለመስበር ከተነሱት ውስጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ወሎ ድረስ መጥተው አይተው፣ ፎቶ ይዘው ተመለሱና ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሳዩት። የደሴ ተማሪዎችም ወጥተው ጮኹ፤ መልሱ ጥይት ሆነ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኋላ ረሃቡን በጥናት ሲያስረዱ፣ ነገሩን ለዝናብ እጥረት ብቻ ትተው አላለፉም። ገበሬውን አስቀድሞ ተጋላጭ ያደረገው አገዛዙና ሥርዓቱ መሆኑን ነው ያሳዩት። ይህ ለወሎ ሰው ትልቅ ነገር ነው። "ወሎ" ሲባል የሚራብ ሕዝብ ብቻ የሚታየው ስንት ሰው አለ፤ ረሃቡ የሰው ሥራ እንዳለበት ማወቅ አንገት ቀና ያደርጋል።

ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ግን ብዙ መምህር ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። እናቶች ነበሩ የሚናገሩት፣ እሱም በሹክሹክታ፣ በረካ ላይ ሰው ሲቀንስ።

ዛሬ ይህን ሁሉ የሚይዙ ተቋማት አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጁም አለ። የደሴ ሙዚየም ደግሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ግቢ ውስጥ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ሙዚየሙም ዩኒቨርሲቲውም ሆስፒታሉም ተዘረፉ። ስንመለስ ስለ ዱቄትና ስለ መድኃኒት ነበር የምናወራው፤ ስለ ሙዚየሙ መጀመሪያ ሲቆጭ የሰማሁት ያው መምህሬን ነው። "አብሽር ቲቸር፣ ዕቃ ይተካል" አልኩት። "የሌላው ይተካል። የዚህ ግን ማን ይሠራዋል?" አለኝ።

ትምህርት ሲከፈት እሱ የሚያስተምርበት ክፍል ወንበር እንኳ አልነበረውም። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጦርነቱን ያዩ ልጆች ናቸው፤ ስለ ምን ይነግራቸዋል? አልነገራቸውም። ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ሰጥቶ በመሀል መስመር አስመራቸው። ባንዱ በኩል "ያየሁት"፣ በሌላው በኩል "የሰማሁት"። ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 27። ስም መጻፍ አያስፈልግም። ማንም ለማንም አያነብም። ሰብስቦ በካርቶን አስቀመጠው።

ፒያሳ በተገናኘን ቀን ከጃኬቱ ኪስ አንድ ባዶ ወረቀት አውጥቶ ለእኔም ሰጠኝ። እቤት ገብቼ ሞላሁት። የ"ያየሁት" በኩል አራት መስመር ሆነ። የ"ሰማሁት" ግን ገጹን ጨርሶ ወደ ጀርባው ዞረ።