«እግሩን እሰሩት!»፦ ስለ እባብ ንድፊያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ኅዳር ከሐረር ወጣ ብሎ ፈዲስ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ማታ ሽንት ቤት ልሄድ ስወጣ አጎቴ ከኋላዬ «ቁም! እንዳትነቃነቅ!» አለኝ። ባትሪውን ሲያበራ ከማሽላ አገዳው ክምር ሥር አጭር፣ ወፍራም እፉኝት ተጠቅልላ ተኝታለች። ከእግሬ ሁለት ክንድ ብትርቅ ነው። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

ቤት ገብተን ሆጃ እየጠጣን፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ብትነድፍህ ኖሮ» እያለ ይመክረኝ ጀመር። ምክሩ ከፍቅር ነው። ግን አብዛኛው ምክር ሰው የሚገድል ነው።

«ከተነደፈበት በላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው።» ከሰማሁት ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው። የእፉኝት መርዝ የነደፈችበትን ሥጋ ያበላሻል። ሲታሰር ደም አይደርስም፤ መርዙም እዚያው ይታቆራል። እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ማሰሪያው ሲፈታ ደግሞ የታቆረው መርዝ ባንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ይለቀቃል።

ትክክለኛው ነገር ቀላል ነው። የተነደፈውን ሰው አስተኙት፣ አረጋጉት። እብጠቱ ሳይመጣ ቀለበት፣ አምባር፣ ጫማ አውልቁለት። እግሩን እንደ ተሰበረ እግር እንጨት ደግፋችሁ በነጠላ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። አታስሄዱት፤ ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መርዙ ይሰራጫል። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አውጡት። ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት። የተነደፈበትንም ሰዓት ያዙ።

«በምላጭ በጥቶ መምጠጥ ነው።» መርዙ ላይ ላዩን አይቀመጥም፤ ጥርሷ ጠልቆ ነው የሚገባው። የእፉኝት ዘሮች መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ የተበጣው ቁስል መድማቱን ላያቆም ይችላል። ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም ሆነ ቅጠል መቀባት መርዝ አያወጣም። «እከሌ ግን ድኗል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይድናል። እባብ አንዳንዴ ነድፎ መርዝ አይለቅም። መርዝ የሌላቸው እባቦችም ብዙ ናቸው። ሰውየው በራሱ ጊዜ ሲድን ምስጋናውን ድንጋዩ ይወስዳል። ለሕመሙም አስፕሪን አትስጡ፤ መድማቱን ያባብሳል።

«ካላበጠ መርዝ አልገባም።» የእባብ መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም። የማምባና የአንዳንድ ኮብራ መርዝ ነርቭ ነው የሚያደነዝዘው። የዐይን ቆብ ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ከዚያ መተንፈስ። ቢያብጥም ባያብጥም ሐኪም ጋ ነው።

«እባቡን ገድለህ ካልወሰድክ ሐኪሙ አያክምም።» ሐኪሙ የሚያየው ሰውየውን ነው። ደሙን በንጹሕ የብርጭቆ ቱቦ 20 ደቂቃ አስቀምጦ ይረጋ እንደሆነ ያያል። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላትም ሊነድፍ ይችላል። እንኳን መግደል፣ ባትጠጉት ይሻላል።

«መድኃኒቱን ገዝተን ቤት እናስቀምጥ።» ፀረ መርዙ በደም ሥር ነው የሚሰጠው። ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ሁሉም ጤና ጣቢያ ስለማይኖረው፣ ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን ቢያልፍም «አሁንማ አይሠራም» ብላችሁ አትቅሩ። ደሙ መርጋት እስካልጀመረ ድረስ ይጠቅማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ ይሞታል። አብዛኛው የገጠር ሰው ነው። የእኛ ሰው ማለት ነው።

«እፉኝት ሰው ታሳድዳለች።» አታሳድድም። ችግሩ አለመሸሿ ነው። መልኳ ከአፈሩ ስለሚመሳሰል ተደብቃ ትቀመጣለች፣ እኛም እንረግጣታለን። ለዚህ ነው ማታ ባትሪና ሽፍን ጫማ የሚያስፈልገው። ስድባችን ውስጥ ያለው «የእፉኝት ልጅ»ም እውነት አይደለም። ልጆቿ የእናታቸውን ሆድ ቀደው አይወጡም። እንደ እንስሳ በሕይወት ትወልዳቸዋለች፣ እሷም ትኖራለች። ልጆቹ ግን ሲወለዱ ጀምሮ መርዝ አላቸው፤ ትንሽ ናት ብላችሁ አትንኩ።

«ነጭ ሽንኩርት ከረጨህ አይጠጋም።» ሽታ አያግደውም። የሚያመጣው አይጥ ነው፤ አይጡን የሚያመጣው እህል።

በማግስቱ ከአጎቴ ጋር የአገዳውን ክምር በረጅም ዱላ እየገለጥን ከበሩ አርቀን አጥሩ ጥግ ወሰድነው። ከሥሩ ሁለት የአይጥ ጉድጓድ ነበር።