የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ የኃይል ገደብ ምንድን ነው?

«ይህ ካርድ በ80 ዋት ታፍኖ ነው እንጂ 115 ዋት የሚፈቅድ ባዮስ (የካርዱን ገደቦች የሚወስን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ቢጫንበት 44 በመቶ ይፈጥናል» የሚለው ምክር፣ ስታዲየም አካባቢ ላፕቶፕ ለሚገዙ ተማሪዎችና ሬንደር (ከንድፍ ምስል የማውጣት ሥራ) ለሚሠሩ አርክቴክቶች እንደ ተረጋገጠ እውቀት ሲሰጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መካሪው 115ን ለ80 ሲያካፍል አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ዋትን በፍጥነት መመንዘሩ ላይ ነው።

የኃይል ገደብ ካርዱ እንዲስብ የሚፈቀድለት የኃይል ጣሪያ ነው። ከዚህ ጣሪያ ጎን የሙቀትና የቮልቴጅ ጣሪያዎችም አሉ፤ ቺፑን (የካርዱን ዋና ማስሊያ) ከዚያ በላይ እንዳይፈጥን የሚያቆመው ቀድሞ የተነካው ጣሪያ ነው። ከአራት ኪሎ በሽሮሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ሰው ሞልቶ የሚወጣ ሚኒባስ እናስብ፤ የነዳጅ መርገጫው ከተወሰነ ደረጃ በታች እንዳይወርድ ከሥሩ መከልከያ ተደርጎበታል። መከልከያው ሲነሳ ሾፌሩ ይበልጥ ሊረግጥ ይችላል፤ ራዲያተሩ ግን ያው የቀድሞው ስለሆነ፣ ውሃው ከፈላ ዳገቱ መሐል ላይ ፍጥነት መቀነሱ አይቀርም። ሞተሩ ቀድሞውኑ ይፈላ ከነበረማ መከልከያው መነሳቱ ምንም አይለውጥም። አምራቾች አንድ ስም የተሰጠውን ካርድ በተለያየ ገደብ የሚያወጡትም ራዲያተሩ ስለሚለያይ ነው፤ የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 እንደ ላፕቶፑ ውፍረትና ማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ተፈቅዶለት ይሸጣል።

ማቀዝቀዣው ቢችል እንኳ 44 በመቶ አይገኝም። ቺፑ የሚስበው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው (በሴኮንድ ከሚሠራበት የምት ብዛት) ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው መጠን ያድጋል፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ቮልቴጁም አብሮ ከፍ ማለት ስላለበት፣ ኃይሉ በጥቅሉ ወደ ፍሪኩዌንሲው ሦስተኛ ርቢ ይጠጋል። በዚህ ስሌት ከ80 ወደ 115 ዋት መሄድ የሚያስገኘው የፍሪኩዌንሲ ጭማሪ 13 በመቶ ገደማ ነው፤ ጌሙ ወይም ሬንደሩ ሜሞሪ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በእርግጥ በ35 ወይም በ40 ዋት የታፈነ ካርድ ቮልቴጁ ከዝቅተኛው ወለል አጠገብ ስለሚሆን፣ ለእሱ ጥቂት ዋት መጨመር ከዚህ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

የእኛ ከተማ ከፍታም መረሳት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በእኩል ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም ሙቀት የሚሸከመው ክብደቱ ግን ያነሰ ነው። ቀዝቃዛው አየራችን ከዚህ ጉዳት የተወሰነውን ያካክሳል፤ ቢሆንም ባሕር ዳርቻ ላይ ተለክቶ «115 ዋት ያለ ችግር ይይዛል» የተባለን ላፕቶፕ እዚህ ራሱን ሳይለኩ ማመን አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የኃይል መለኪያው ሬዚስተር (ካርዱ የሚስበውን ኃይል የሚያነብበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ክፍል) ላይ ሌላ መሰሉን መደረብ ነው። ይህ ንባቡን በግማሽ ስለሚቀንሰው፣ ካርዱ 160 ዋት እየሳበ 80 ብቻ የሳበ ይመስለዋል፤ ለቺፑ ኃይል የሚያደርሱት ሞስፌቶች ለዚያ መጠን ላይመረጡ ይችላሉ፤ ቻርጀሩም ካልበቃ ላፕቶፑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳለ ባትሪው ይወርዳል። የሌላ ሞዴል ባዮስ መጫንም ቢሆን የስክሪን መውጫዎችን ሊያጠፋ፣ ካርዱንም ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት፣ ካርዱ በሥራ ላይ ሳለ የትኛው ጣሪያ እንዳቆመው ጂፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም «ፐርፍካፕ ሪዝን» ከሚለው መስመር ላይ ይታይ። ሙቀት ከሆነ አቧራው ይጠረግ፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መሐል ያለው የደረቀ ፔስትም ይቀየር። ኃይል ከሆነ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም ቮልቴጁን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ በየደረጃው በረጅም ሬንደር መፈተን፣ ገደቡን ሳይነኩ በዚያው 80 ዋት ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ያስገኛል።